ያገለገለ ዕቃ አይመለስም

ማንበብ የተማርኩት ከሱቅ ግድግዳ ላይ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት የነበረው ባለሱቅ፣ ከመስኮቱ በላይ በገዛ እጁ በቀይ ቀለም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ጽፎ ነበር። እህቴ ሳሙና ልንገዛ በተላክን ቁጥር አዝላኝ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስከተለች ታስነብበኛለች። ቀለሙ ስለፈሰሰ «ሸ»ዋ ጢም ያበቀለች ትመስል ነበር። የበሰበሰ ሽንኩርት ይዛ የምትመጣ ሴት ካለች ባለሱቁ አፉን አይከፍትም፤ በጣቱ ወደ ላይ ያሳያታል። ሴትዮዋ ትራገማለች፣ ሽንኩርቷን ይዛ ትሄዳለች። ዓለም የሚተዳደርበት ሕግ አለ ቢሉኝ የማውቀው እሱን ብቻ ነበር።

ሕጉ ግን ለሰው አይሠራም። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር፤ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተመልሻለሁና።

እናታችን ስታርፍ ዘመድ ተሰብስቦ እኔንና እህቴን ተከፋፈለን። በስማችን የሚጠራን አልነበረም፤ እሷ ትልቋ፣ እኔ ትንሿ ነን። «ትልቋ ከአያቷ ጋር ትሁን፣ ታግዛለች፤ ትንሿን አጎቷ ይውሰዳት» ተባለ። አጎቴ ቤት አንድ ክረምት ከረምኩና አንድ ቀን ጠዋት ልብሴን በፌስታል አድርጎ፣ እጄን ይዞ አያቴ ደጅ ላይ አደረሰኝ። ከአያቴ ጋር በሹክሹክታ ሲያወሩ የሰማሁት አንድ ቃል ነው፤ «አልቻልንም»። ምኑን እንዳልቻሉት ለእኔ ግልጽ ነበር። ፍራሽ አረጥባለሁ።

አጎቴ በዚያ ክረምት ከሥራ ተባሮ የራሱን ልጆች እንኳ ለዘመድ ሲያድል እንደነበር የሰማሁት እኔው ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ለሕፃን ማን ይህን ይነግረዋል? ሕፃን ያልተነገረውን በራሱ ጥፋት ይሞላዋል።

እንግዲህ የእናቴ ታናሽ እህት ከባሏ ጋር ወደ ሰው አገር ሄዳ ኖሮ፣ ወረቀት አልቆ ወደ እሷ የተላክሁት የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። አያቴ ስትሸኘኝ ጆሮዬን ያዝ አድርጋ «አደራ፣ ሰው አታስቸግሪ» አለችኝ። እህቴ ዞር ብላ አፍንጫዋን ጠረገች።

አክስቴ የምትሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ የሆቴል አንሶላ ስታጥፍ ትውላለች። ማታ ስትመጣ ጉያዋ ትኩስ አንሶላ ይሸታል። ባሏን ጋሼ ነበር የምለው። ቤት ቀለም ይቀባል፤ ቀኑን የዋለበትን ቤት ቀለም ከጥፍሩ ስር አይቶ መናገር ይቻላል። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንድ መኝታ፣ አንድ ሳሎንና አንድ ሚጢጢ ወጥ ቤት ነች። እኔ የምተኛው ሳሎን፣ ሲዘረጋ አልጋ በሚሆነው ሶፋ ላይ ነው። ከወጥ ቤቱ የሚለየኝ ስስ ጣውላ ነው። የዚህ ወሬ መዘዝ ሁሉ ያ ጣውላ ነው።

አክስቴ እዚያ አገር የከበዳት ብርዱ አልነበረም፤ ገበያው ነው። በሩ ራሱ ተከፍቶ ያስገባናል። «አየሽ፣ ቤቱ እግራችንን ያውቀዋል» ትለኛለች። ከገባን በኋላ ግን «ነይ እናቴ፣ የኔ ነው ጥሩው» የሚል የለም፤ «ስንት ልቁረጥልሽ» የሚል የለም። ቲማቲሙ በላስቲክ ታፍኖ ተደርድሯል። አክስቴ አንድ ጊዜ ሦስት ፓኮ ቀድዳ ከየፓኮው የበሰለ የበሰለውን ስትለቅም ጋሼ ደረሰባት።

«ኧረ ሴትዮ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየመረጥኩ ነዋ!»

«አይቀደድም! እንዳለ ነው የሚነሣው።»

«እንደ ድሮ ሙሽራ ተሸፋፍኖ? ፊቱን ሳላየው?»

ጋሼ የተቀደደውን ሁሉ አንሥቶ ገዛ። ያን ሳምንት ቲማቲም ብቻ በላን።

ሌላው ጣጣ ደግሞ በየቀኑ መሄዷ ነው። ከሥራ ስትወጣ ሁለት ሽንኩርት፣ ነገ ሁለት ሽንኩርት። «የነገ ሽንኩርት ለነገ» ነበር መመሪያዋ። ጋሼ «እዚህ አገር ሰው ለሳምንት ነው የሚገዛው፤ ሁለት ሽንኩርት ይዘሽ ስትሰለፊ ሊያዋጡልሽ ነው የቀረው» ብሎ ይቀልድባታል። በመጨረሻ አሸነፋት። እኔ በመጣሁበት ሳምንት ፍሪጅ ተገዛች። ትንሽ፣ ነጭ፣ የእኔን ቁመት የምታህል ፍሪጅ። ጣውላው ማዶ ከራስጌዬ ጋር ጎን ለጎን ቆመች። እኔ ቁብም አልሰጠኋት።

አሁን ደግሞ ጎረቤታችንን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ቅናሽ እንላታለን፤ እሷም ስሙን ትወደዋለች። ያገራችን ልጅ ናት፤ በራችን ከበሯ ትይዩ ነው። እዚያ አገር ብዙ ዓመት ስለቆየች የት ምን እንደረከሰ፣ የትኛው ሱቅ ማክሰኞ፣ የትኛው ቅዳሜ ዋጋ እንደሚቀንስ ትንቢት ተናጋሪ ነች። ሰላምታ እንኳ ስትሰጥ «ደህና አደራችሁ፣ ዘይት ወርዷል» ነው የምትለው።

እኔ ከመጣሁ ሁለት ሳምንት ያህል ቢሆነኝ ነው። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነቃሁ። ከጣውላው ወዲያ አክስቴና እትዬ ቅናሽ ዕቃ እያጠቡ ያወራሉ። ቧንቧው ይፈሳል፤ ወሬያቸው እየተቆራረጠ ነው የሚደርሰኝ።

«ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት ነው የምታድረው» ትላለች አክስቴ። «እኛ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል።»

ጆሮዬ ቆመ። በእንቅልፍ ልቤ እንደማወራ እህቴ ትነግረኝ ነበር።

«ታዲያ ለእሱ ነግረሽዋል?»

«ምን እነግረዋለሁ፣ ራሱ ይሰማ የለ! ደግሞ ታንጠባጥባለች። ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ይዤ መንበርከክ ሆኗል ሥራዬ።»

ክው አልኩ። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ሶፋውን አርሼ ነበር። አክስቴ ምንም ሳትለኝ አጥባ፣ ገልብጣ፣ ግንባሬን ስማኝ ወደ ሥራ ሄዳለች። አንድ ቀን ነው እኮ! ለካ ሌላ ቀንም ሳላውቀው ያመልጠኛል፣ እሷ ደግሞ ሳልነቃ ትጠርጋለች ማለት ነው።

«ከሁሉ ከሁሉ ምንም አለመያዟ ነው የሚያናድደኝ» አለች አክስቴ።

«ትንሽ ናታ! ምን ትያዝ?»

እዚያ ትምህርት ቤት የተማርኩትን ቃል ማታ ጋሼ ሲጠይቀኝ ግማሹ ይጠፋብኝ ነበር።

«ተሳሳትን» አለች አክስቴ። «ትልቋን ነበር ማምጣት። አይቻታለሁ እኮ፣ እንዴት ያለች መሰለችሽ፤ ቁመናዋ ብቻ! ቤቱ ይጠባል፣ ትንሿ ትሻላለች ብለን ነው።»

እትዬ ቅናሽ ቧንቧውን ዘጋችው። የሚቀጥለው ወሬ እንደ ደወል ጥርት ብሎ መጣ።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ትንሿን መልሰሽ ትልቋን ውሰጃ!»

«ከወሰድን በኋላ? ነውር አይደለም?»

«የምን ነውር? እዚህ አገር የማይመለስ ነገር የለም። አንድ ወር ሙሉ ጊዜ ይሰጡሻል። እኔ ስንቱን መልሻለሁ! ጫማ መልሻለሁ፣ መጥበሻ መልሻለሁ፣ ሠርግ የሄድኩበትን ቀሚስ መልሻለሁ። ሳልመልሰው ጊዜው ያለፈብኝ ባሌ ብቻ ነው።»

ሁለቱም ተንከተከቱ። አክስቴ ስትስቅ ትንፋሿ ያጥራታል፤ ያን ቀን ሳቋ ጣውላውን ሰርስሮ ሆዴ ውስጥ ገባ።

«ብቻ ደረሰኝ እንዳይጠፋብሽ» አለች እትዬ ቅናሽ። «ደግሞ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ልክ እንደመጣችበት ሆና ነው። ያገለገለ ከሆነ አይቀበሉሽም። ያገለገለ ዕቃ አይመለስም።»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። እኔም ገመድ መፈለግ ነበር የቀረኝ። ግን የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንደ ገመድ ሳይሆን እንደ መሰላል ሆነችልኝ። አሮጌው ሕግ እዚህም አለ! ትንሽ ቢለወጥም አለ። ያገለገለ አይመለስም።

እንግዲህ ማገልገል ማለት እኔ እንደማውቀው አንድ ነገር ነው። አያቴ ቤት አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ለአያቴ እናት ውኃ ስትቀዳ፣ ቤት ስትጠርግ ዕድሜዋን የፈጀች። ሰው ሁሉ «ይቺ እኮ ስንት ዘመን ያገለገለች ናት» ይላታል፤ ማንም አይነካትም፤ ጥጓ ጥጓ ነው። ፈጥኜ ማገልገል አለብኝ፤ ወሩ ሳይሞላ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ። በርጩማ ላይ ወጥቼ፣ ቢጫ ስፖንጅ ይዤ፣ ንጹሑን ሁሉ ከመደርደሪያ እያወረድኩ አጠብኩት። ከዚያ የአክስቴን ሻርፕ እሷ አንሶላ እንደምታጥፈው በአራት አጠፍኩ። ከዚያ የጋሼን የሥራ ጫማ አነሣሁ። የስንቱን ቤት ቀለም እንደያዘ! በማንኪያ ፈቀፈቅሁ፣ በሳሙና ፈተግሁ፤ ከስሩ ጥቁር ጫማ ወጣ። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ አገላብጦ አየው።

«ይሄ የማን ነው?»

«ያንተ ነው ጋሼ።»

«አይ፣ ዛሬስ ሥራ ቦታ አያስገቡኝም፤ አለቃ መጣ ብለው ነው የሚበተኑት» አለና ራሴን ዳበሰኝ። ከዚያ ግን አክስቴን ያየበት አስተያየት ቀልድ አልነበረበትም።

ሳምንት አልሞላኝም፣ ደረጃውን ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት መጥረግ ጀመርኩ። ጎረቤቱ አዲስ ጽዳት ሠራተኛ የተቀጠረ መስሎት ቆሻሻውን በር ላይ ያስቀምጥልኝ ጀመር። እትዬ ቅናሽ በሯን ከፍታ «አንቺ ቀበጥ፣ የእኔንም ደጅ ጥረጊልኝ እንጂ» ብላ ቀለደች። ጠረግሁላት፤ ምስክር ያስፈልገኛል።

«አገለገልኩ አይደል እትዬ?» አልኳት።

«እንዴታ! እግዜር ያሳድግሽ።»

እናንተ ብትሆኑ ደስ አይላችሁም? እኔ ደስ አለኝ። አክስቴ ግን ቀን በቀን ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። መጥረጊያውን ከእጄ ትነጥቀኛለች። «ተይ የኔ እናት። ተቀመጪ። ተጫወቺ።» ብርጭቆ ላጥብ ስነሣ ስፖንጁን ቁም ሳጥን ጫፍ ላይ ትወረውረዋለች። አንድ ምሽት እራት ከቀረበ በኋላ ከጣውላው ወዲያ ድምፅዋን ሰማሁት፤ ዝቅ ያለ፣ ግን እንደ ምላጭ የሳለ።

«ከእንግዲህ ምንም እንድትሠራ አልፈልግም። ምንም! እጇን አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ።»

«እንደዚህ ሆና...» አለችና የቀረውን ዋጠችው።

የቀረውን እኔ ሞላሁላት። እንደዚህ ሆና አይቀበሉንም። እጄ በሳሙና ሻክሮ፣ ጣቴ ጫፍ ላይ ተሰነጣጥቆ ነበር። ገባኝ፤ አዲስ እንደሆንኩ ሊያቆዩኝ ነው። ለዚያ ነው ማታ ማታ እጄን ቅባት የምትቀባው።

አክስቴ ያን ሰሞን የሆቴል አንሶላ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ታለቅስ እንደነበር የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እኔ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ስሠራ እያየች፣ አጎቴ ቤት እንደ ገረድ ሲያሠሩኝ የኖሩ መስሏታል። ልትጠይቀኝ ፈራች፤ እኔም ልጠይቃት ፈራሁ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው እርስ በርሱ ሳያወራ ምን ያህል ሊተዛዘን እንደሚችል ብታዩ!

ወሩ ሊሞላ ሲል፣ ዓርብ ማታ፣ ጋሼ ኪሱን ሲበረብር ቆይቶ «አገኘሁት!» አለ። «ደረሰኙ ይኸው። እኔ ነገ ሥራ አለብኝ፤ ቤት ሰው የለም፤ ትንሿን ይዘሽ ሂጂ።»

«እሺ» አለች አክስቴ። «እግዜር ይርዳኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት አጠበችኝ። ጆሮዬን ሳይቀር በጨርቅ ጫፍ ወለወለችው። ጠጉሬን ፈትታ እንደገና ሠራችው። ከዚያ ከሳጥን ውስጥ የመጣሁበትን ቀሚስ አወጣች፤ ሰማያዊ፣ አንገትጌው ላይ ነጭ ጥልፍ ያለው። «ይሄ ያምርብሻል» አለች። ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ልክ እንደመጣችበት ሆና።

እሷ ጫማዋን ስታስር እኔ በርጩማ ላይ ወጥቼ ከቁም ሳጥኑ ጫፍ ስፖንጁን አወረድኩ። ቢጫነቱ ጠፍቶ፣ ግማሹ ተበልቶ፣ አይጥ ያገኘችው ዳቦ ይመስላል። ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሰው ያለ ማስረጃ ፍርድ ቤት አይሄድም።

አውቶቡስ ውስጥ አክስቴ በመስኮቱ እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የምትጸልይ መሰለኝ። በኋላ እንደገባኝ በዚያ አገር ቋንቋ የምትናገረውን እየሸመደደች ነበር። መሐል ላይ ዞር ብላ አየችኝ።

«ፈራሽ እንዴ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች። «እምቢ ቢሉንስ?»

«እምቢ ይበሉ» አልኩ በሆዴ። «እምቢ ይበሉ፣ እምቢ ይበሉ።»

ሱቁ ያው በሩን ራሱ የሚከፍተው ትልቁ ነው፤ ግን ወደ ቲማቲሙ አልሄድንም። ወደ ቀኝ ታጥፈን አንድ ረጅም ባንኮኒ ጋ ተሰለፍን። ከባንኮኒው በላይ ትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ልክ እንደ ሰፈራችን ባለሱቅ ጽሑፍ። ላነበው ሞከርኩ፤ ፊደሉን ለይቼ ቃሉን ማወቅ አቃተኝ። ከፊታችን ያለው ሰው ጫማ መለሰ። ሴትየዋ ሶሉን ገልብጣ አየችና ተቀበለችው። ሌላው ጃንጥላ መለሰ። ከፍታ፣ አሽከርክራ ተቀበለችው። እኔን ደግሞ ምኔን ገልብጣ እንደምታይ አሰብኩ።

ተራችን ደረሰ። ሴትየዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጉንጯ ቀይ፣ ፈገግታዋ ያልተቆጠበ ነች። አክስቴ ደረሰኙን ዘረጋች።

«ትንሽ» አለች በዚያ አገር ቋንቋ። «መመለስ። ትልቅ... መውሰድ።»

እነዚህን አራት ቃላት ትምህርት ቤት አውቄያቸው ነበር። ምነው ባላወቅኋቸው።

«ምን ችግር ተገኘባት?» ስትል ጠየቀች ሴትየዋ። «ተበላሽታ ነው?»

አክስቴ ቃል አጠራት። ተጨነቀች። ከዚያ እጇን አነሣችና ራሴ ላይ አኖረችው። «ትንሽ» አለች እንደገና፤ ራሷን ወዘወዘች። ጣቷን አነሣች፤ አንድ፣ ሁለት፤ ሦስተኛውን ወደ እኔ ጠቆመች።

ሴትየዋ ከባንኮኒው በላይ አንገቷን አስግጋ ቁልቁል አየችኝ። «ኦ!» አለች፤ ፊቷ በራ። «ገባኝ።»

ትልቋን ለማየት የምትጓጓ መሰለኝ። ስፖንጁን ከኪሴ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ፣ ደረሰኙ ላይ፣ ጣል አደረግሁት። ከዚያ ጮህኩ፤ ዕድሜ ልኬን በዚያ ድምፅ ጮኼ አላውቅም።

«አገልግያለሁ!»

አክስቴ ደነገጠች። «ምን አልሽ?»

«አገልግያለሁ! ያገለገለ ዕቃ አይመለስም! እትዬ ቅናሽን ጠይቂያት፣ ደጇን ጠርጌላታለሁ! ሌሊትም አላቃስትም፤ አፌን በትራስ አፍኜ ነው የምተኛው። ማንጠባጠብም ትቻለሁ፤ ማታ ውኃ አልጠጣም። ትምህርትም እይዛለሁ፤ ጠይቂኝ! ትልቋም ትምጣ፤ እኔና እሷ አንድ ሶፋ ይበቃናል፣ አያታችን ቤትም እንደዚያ ነው የምንተኛው፤ ቦታ አናጣብብም...»

አክስቴ አንድ ሁለት ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች፤ የሰማችውን አንድ በአንድ እየመለሰች እንደምትሰማ ሰው።

«ማን ነው የሚያቃስተው?» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ።»

«ማን ነው የሚያንጠባጥበው?»

«እኔ፤ ግን...»

«ትልቋ ማለት...» አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከነካፖርቷ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች። ፊቷ ከፊቴ እኩል ሆነ። ታለቅሳለች፤ ትስቃለችም፤ የቱ ከየቱ እንደሆነ አይለይም።

«ፍሪጇ እኮ ናት! አንቺ ልጅ! ፍሪጇ!»

«የቷ ፍሪጅ?»

«ከራስጌሽ ያለችዋ! ሌሊት የምታጓራው፣ ውኃ የምታፈሰው እሷ! የአንድ ቀን ወተት እንኳ አትይዝም! እንደ ልማዳችን ለሁለት ሰው አስበን ገዛናት፤ አሁን ሦስት ሆንና፣ ልጅ መጣችና፣ የሳምንት አስቤዛ አልገባ አላት። ትልቅ ፍሪጅ እንለውጥ ብለን ነው። አንቺ ስላለሽ እኮ ነው!» ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ። «ደግሞ አንቺን ልመልስ ብል ደረሰኝ የት አለኝ? ላንቺ ደረሰኝ ተቆርጧል? እ?»

አሰብኩ። እውነትም አላየሁም። «የለኝም» አልኩ።

«የለሽማ! ደረሰኝ የሌለው አይመለስም!»

ከዚያ የተሰነጣጠቀውን እጄን ወደ ጉንጯ ወሰደችው፤ ሁለቱንም። «ለዚህ ነው?» አለች። «ይሄ ሁሉ ለዚህ ነው?» እኔም ያን ጊዜ፣ ወሩን ሙሉ የቋጠርኩት ሁሉ ተፈታና ካፖርቷ ውስጥ ገባሁ። ትኩስ አንሶላ ትሸታለች።

ሴትየዋ ከባንኮኒው ወዲያ ሆና ናፕኪን አቀበለችን። ቋንቋችንን አታውቅም፤ ግን ዓይኗ ረጥቧል። ማክሰኞ ትልቋን ቤት ድረስ አምጥተው ትንሿን እንደሚወስዱ በምልክት አስረድታን ወረቀቷ ላይ ማህተም መታች። ከዚያ ስፖንጁን በሁለት ጣቷ ጫፍ አነሣችና ግራ ገብቷት አክስቴን ጠየቀቻት፦

«ይሄም ይመለሳል?»

አክስቴ ዓይኗን ጠረገች። ያ ቋንቋ በአፏ ላይ ተሳክቶ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

«አይ» አለች። «ይሄ አገልግሏል።»

ማክሰኞ ዕለት ሁለት ጎረምሶች ትልቋን በደረጃ ተሸክመው አመጡ። ቁመናዋ እውነትም ቁመና ነበር፤ ጋሼ እንኳ ቀና ብሎ ነው የሚያያት። ትንሿን ይዘው ሲወርዱ እስከ ምድር ቤት ድረስ እያንጠባጠበች ሄደች። ጨርቅ ይዤ ከኋላዋ እየጠረግሁ ወረድኩ። አክስቴ ከላይ ሆና አየችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ተይ» አላለችኝም።

እትዬ ቅናሽ ነገሩን ስትሰማ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀች፤ ከዚያ አንድ ቀን ማንም ሳያያት መጥታ አዲስ ጓንት ሰጠችኝ። «ቅናሽ አይደለም» አለችኝ በጆሮዬ። «በሙሉ ዋጋው ነው የገዛሁት፤ ለማንም እንዳትነግሪ።»

ትልቋ አራት ዓመት ቆይታ መጣች። ፍሪጇን ማለቴ አይደለም፤ እህቴን። አያታችን ካረፈች በኋላ አክስቴና ጋሼ ወረቀት ለወረቀት ሲሯሯጡ ኖረው አመጧት። እኔ ያኔ ቋንቋውን እንደ ውኃ እጠጣዋለሁ፤ ሽንኩርት በከረጢት እገዛለሁ፤ አክስቴም የባንኮኒዋን ሴት በስሟ እየጠራች ትቀልዳለች፤ ብቻ የቲማቲም ላስቲክ ቀድዳ ማየቷን እስከዛሬ አልተወችም።

እህቴ በመጣች በማግስቱ ጠዋት የውኃ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ወጥ ቤት ገባሁ። ቀድማኝ ተነሥታ፣ ንጹሑን ብርጭቆ ሁሉ አውርዳ፣ ታጥባለች። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተጠግቷል።

ስፖንጁን ከእጇ ወሰድኩና ቧንቧውን ዘጋሁ።

«ምነው?» አለች። «ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ...»

«ልበሺ» አልኳት። «ሱቅ ልውሰድሽ።»

ያ በር ራሱ ተከፈተላት፤ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ወደ ቀኝ ታጥፈን ባንኮኒው ጋ አቆምኳት። እሷ ከእኔ በራስ ትበልጣለች፤ ላዝላት አልችልም። ክንዷን ይዤ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩና ፊደል በፊደል፣ ቀስ እያልኩ፣ ያን የባዕድ ጽሑፍ አስነበብኳት።

«ምን ማለት ነው?» አለች።

«የተሸጠ ዕቃ ይመለሳል ማለት ነው።»

«ውሸትሽን ነው! ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ተሰልፈው ጫማና ጃንጥላ የያዙትን ሰዎች አየቻቸው። ከዚያ ሳታየኝ፣ እንደ ቀልድ አድርጋ፦

«ሰውስ?»

«ሰው» አልኳት፣ «እኔም ጠይቄ ነበር። ደረሰኝ የለውም አሉኝ።»